ልደታ፦ ንፍሮውም ስፖንሰር አገኘ!

«ልደታ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ምንድን ነው? ጓደኞቼን ስጠይቅ መልሱ እንደየሰዉ ጣጣ ይለያያል። ነጋዴው «ፍርድ ቤት» ይላል። መቼም «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው ጠበል ሊጠመቅ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ፍቺ የጀመረች አንዲት ጓደኛዬማ የሰፈሩን ስም ስትሰማ ፊቷ ይለዋወጣል። እናቶች «ታቦቷ» ይላሉ። ዕጣ የወጣለት «ኮንዶሚኒየሙ» ይላል። ቀጠሮ ያላቸው ፍቅረኞች ደግሞ «ሞሉ ጋ እንገናኝ» ነው የሚባባሉት።

እኔን ግን ከሁሉም የሚያስቀኝ ባቡሩ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው አይደል? ሁለቱ መስመሮች ከመስቀል አደባባይ ተነሥተው፣ ሜክሲኮንና ተግባረ እድን አልፈው እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይመጣሉ። ልደታ ላይ ይለያያሉ። ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀጣይ ፌርማታው «ኮካ ኮላ» ነው። ወደ መርካቶ የሚታጠፈው ቀጣይ ፌርማታው «ዳርማር» ነው። ዳርማር ማለት አንበሳ ጫማ የድሮ ስሙ ነው። እስቲ አስቡት! ከእመቤታችን ልደት አንድ ፌርማታ ስትሄዱ ወይ ለስላሳ መጠጥ ጋ ትደርሳላችሁ፣ ወይ ጫማ ጋ።

ሳስበው ግን የድሮ ሰው ብልጥ ነበር። ኮካም ዳርማርም ለሰፈር ስም የሆኑት ዕቃ ስለሚሸጥባቸው ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ሠራተኛ የሚገባባቸው ፋብሪካዎች ስለሆኑ ነው። «ኦልድ ኤርፖርት» የምትሉትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ተነሥቶ ነው። አውሮፕላኑ በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ሲዛወር ስሙ ሰፈሩ ላይ ቀረ። እናላችሁ፣ ሰፈር መጀመሪያ በጸሎት ቦታ ተጠራ፣ ከዚያ በሥራ ቦታ ተጠራ፣ አሁን ደግሞ በመሸመቻ ቦታ እየተጠራ ነው። የኛ ልጆች ምን ብለው እንደሚጠሩት እንጃ፤ ምናልባት በዋይፋይ ፓስወርድ ይሆናል።

የዚህን ገጽ ልማድ መቼም ታውቁታላችሁ። የት ሄደን እንብላ፣ የት ሄደን ፎቶ እንነሳ ነው ነገራችን። እኔም ባለፈው ግንቦት ልደታ ወደ ሰፈሩ የወረድኩት ለዚሁ ነበር።

ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ነው። አባቶች እንደሚተርኩት ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሐና ስትፀንስ ጠላት ተነሣባቸውና ከአገራቸው ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ ሄዱ። ማርያም የተወለደችው እዚያ፣ ደጅ ላይ ነው። ማጀት የለ፣ ምጣድ የለ፤ ያገኙትን ጥራጥሬ ቀቅለው በሉ። ንፍሮው የመጣው ከዚህ ነው ይባላል። ለዚህም ነው ግንቦት ልደታ ቤት ተዘግቶ የማይበላው። ጎረቤት ያዋጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ይፈላል፣ አቅም ያለው ሰፈር በግ ያርዳል፤ ከዚያ ሁሉም ውጭ ይቀመጣል። የተረፈውም ወደ ቤት አይገባም የሚሉ እናቶች አሉ። ነገሩን ካያችሁት ይህ የስደተኛ ወላጆች በዓል ነው። ቤት የሌለው ሰው በዓል ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ስደርስ ሰዉ እንደ ጉድ ነው። ጧፍ ሻጩ፣ ዕጣን ሻጯ፣ «የበዓል ቅናሽ!» የሚለው ባለቀሚሱ ተሰልፈዋል። ስድስት ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ጥለት አሰፍተው መጥተዋል፤ ፎቶ አንሺም ቀጥረዋል። ልጁ አንደኛዋን ሻማ እያበራች ሊያነሳት ነው። «ጥላ ወደቀብሽ፣ እንደገና!» አበራች። «ነጠላሽ ተንሸራተተ፣ እንደገና!» አበራች። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። አራተኛዋ ሻማ ለማርያም ትሁን ለኢንስታግራም እኔ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ግን ለማርያም ነበረች፤ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ከዚያ «ልደታ መርካቶ» የሚባለውን የገበያ ሕንጻ ልይ ብዬ ጎራ አልኩ። ይህን ሕንጻ ያልተመለከተ ካለ ቆም ብሎ ይየው። የነደፈው ሻቪየር ቪላልታ የሚባል የባርሴሎና አርክቴክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በቴድ መድረክ ላይ ስለ ሥራው ተናግሮለታል። ግድግዳው እንደ ሌሎቹ ሞሎች መስታወት አይደለም። ከሀገር ባህል ልብስ ጥለት በተቀዳ ቅርጽ የተበሳሳ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ብርሃንና አየር ይገባል። እኔ በበኩሌ ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ አየር ያላት ከተማ ውስጥ መስታወት ውስጥ ገብቶ መቀቀል ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው? የሚያስቀው ሌላ ነው። ጥለቱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ሲከበር፣ በከተማችን ገበያ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በእጁ የሠራው ጥለት በማሽን ታትሞ ከውጭ ከሚገባው ጋር እየተጋፋ ነው።

እናም ደከመኝና ሰፈሩ ውስጥ ካገኘሁት አንድ ካፌ ገባሁ። ቁጭ ለማለት ማኪያቶ ማዘዝ ግድ ነው። ማኪያቶው ሲያልቅ አስተናጋጁ መጥቶ ጠረጴዛውን ይጠርጋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠርጋል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠርግ ያው «ተነሺ» ማለቱ ነው። በአዲስ አበባ መቀመጥ የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ ሰነበተ። እውነት ለመናገር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ነጻ መቀመጫ ተሠርቷል፤ ማታ ማታ መብራቱ ሥር የሚሰበሰበው ወጣት ቀላል አይደለም። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፣ አብዛኛው ፎቶውን ተነሥቶ ይሄዳል። ከአጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ኮንዶሚኒየሙ።

ዛሬ ብሎኮቹ የቆሙበት ቦታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እስኪፈርስ ድረስ የቀበሌ ቤት ጢም ያለበት ሰፈር ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ሽንት ቤት። ሲፈርስ ከነዋሪው አንዳንዱ እዚያው ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሌላው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። «ድሮ ጥሩ ነበር» ብዬ ላለቅስላችሁ አይደለም። 4ኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እማማ (ስማቸው ይቆየን) ገና ስጠይቃቸው ነው ያቋረጡኝ። «ተመለሺ ብትይኝ እምቢ ነው የምለው ልጄ። ክረምት ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ስደቅን ነው ያረጀሁት» አሉኝ። ውሃና ሽንት ቤት ቤታቸው ውስጥ ገብቶላቸዋል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያወራ ሰው በጠዋት ጆግ ይዞ ተሰልፎ አያውቅም ማለት ነው።

የእማማ ቅሬታ ሌላ ነው። «ደጅ የለኝም» ነው የሚሉት።

ደጅ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በር አላቸው፣ በረንዳም አላቸው። ለካ ደጅ ማለት ጎመን የሚቀነጠስበት፣ በርበሬ የሚሰጣበት፣ አላፊ አግዳሚው «እንዴት ዋሉ» የሚልበት ነው። እማማ ሁለት ቀን ደጅ ላይ ካልታዩ «ምነው አሟቸው እንዴ?» የሚል ሰው ይመጣ ነበር። አሁን በሩ ሲዘጋ ሁሉም በር አንድ ዓይነት ነው፤ ውስጥ ያለው ይታመም፣ ይዝፈን፣ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ለእማማ ግንቦት ልደታ በዓመት አንድ ቀን ደጃቸውን የሚያገኙበት ቀን ነው። ደጁም ቢሆን ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። ንፍሮ መጣጃ ቦታ ለማግኘት የሦስት መኪና ባለቤቶችን ፍለጋ ደረጃ ለደረጃ ተወጣ ተወረደ። አንዱ ተኝቶ ነበር፣ ተቀስቅሶ እየተነጫነጨ አነሣ። ቡናው ሲሸተው ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እዚያው ቁጭ!

ዘንድሮ ታዲያ የብሎኩ ኮሚቴ አንድ አሪፍ ነገር ይዞ መጣ። ኮሚቴው ወጣቶች ናቸው፣ ሰው ወዳድ ልጆች። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ስፒከሩን፣ በጉን ሳይቀር የሚችል አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ አገኙ። በምትኩ ባነሩ ይሰቀላል፣ ሰው ንፍሮ ሲበላ ይቀረጻል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። «መዋጮ ቀረላችሁ!» ሲባል ነዋሪው አጨበጨበ። ማን ይጠላል? ኑሮው እንዲህ ጣሪያ ነክቶ!

በዓሉ ደመቀ። ዘፈኑ፣ ቄጤማው፣ ዳቦው... ምን አለፋችሁ! እኔም ሁለት ጭልፋ ንፍሮ ተቀበልኩ። እማማ ግን ዳር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«አይበሉም እንዴ እማማ?»

«ምን አዋጥቼ?»

«ዘንድሮ እኮ መዋጮ የለም፤ ስፖንሰር ተገኝቷል።»

«እሱማ ሰማሁ» አሉና ባነሩን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው? የስንተኛው ብሎክ ነው?»

ሱቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ስሚ ልጄ። ድሮ ሳንቲምም ትሁን አዋጥቼ ነው የምቀመጠው። ሳንቲም የሌለው እንጨት ያመጣል፣ እንጨት የሌለው ውሃ ይቀዳል። ማንም ማንንም አይጋብዝም ነበር። ዛሬ በገዛ ደጄ ተጋባዥ ሆንኩ።»

ይህቺ ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ብዙ ጊዜ ስለ ሸመታና ስለ ሚዲያ ስናወራ ሰው ገንዘቡን አጠፋ፣ ጊዜውን አጠፋ ነው የምንለው። እማማ ያሳዩኝ ሌላ ጥፋት ነው። መዋጮ ማለት ለካ በግ መግዣ ብቻ አልነበረም፤ ድሀው ቀና ብሎ እንዲቀመጥ የሚያደርገው የመቀመጫ ቲኬት ነበር። ባለ አምስት ብሩም ባለ መቶ ብሩም «በዓሌ» ይላል። ስፖንሰሩ ሲመጣ ሁሉም እኩል ጠገበ፣ ሁሉም እኩል ተመልካች ሆነ።

ቴሌቪዥናችን ይህን ቀድሞ አስተምሮናል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያስወጣው ድረስ የበዓል ፕሮግራም ማለት ቢራ ማለት ነበር። እንቁጣጣሹም የቢራ፣ ገናውም የቢራ፣ ፋሲካውም የቢራ። ቢራው ሲወጣ ሌላ ሻጭ ገባ፤ ወንበሩ ባዶ አላደረም። ፕሮግራሙ ግን ያው ነው። አርቲስቶች ክብ ሠርተው ዶሮ ወጥ ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ፣ ቀልድ ይወራል። እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሲጎራረሱ እናያለን። አንዳንዱ ቤትማ ድምፁ እንዳይረበሽ «ዝም በሉ!» ተብሎ አጠገቡ ያለው ሰው ሳይጎርስ ይቀራል። በእናቴ ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ መሬት ተቀምጦ ነበር አሉ የሚያየው። ፕሮግራሙ ያኔም ቢሆን ሁሌ ቁም ነገር አልነበረም። ሰው ግን ትከሻ ለትከሻ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ልመልሳችሁ። የምርቃት ሰዓት ደረሰ። የብሎኩ ሽማግሌ ተነሡ። ልማዱ ያዋጣውን፣ የደከመውን፣ ወጥ የሠራችውን እየጠሩ መመረቅ ነው። ሽማግሌው ጀመሩና «ይህን ያዘጋጁትን...» ብለው ቆሙ። አንዱ የኮሚቴ ልጅ ጠጋ ብሎ በጆሯቸው የሱቁን ስም ነገራቸው። «እ?» አሉ። ደገመላቸው። «እንግዲህ... ፈርኒቸሩን ይባርክልን! ሶፋውን፣ አልጋውን ይባርክ!» አሉ። ሕዝቡ «አሜን!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ይህ ሳያንስ ከካሜራው ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ፦ «አባባ፣ ድምፁ አልገባም፤ እንደገና!» ሽማግሌው ደገሙት። ምርቃት በቴክ ሁለት ሲደገም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያቺ «እንደገና!» ያለችው ልጅ የብሎኩ ልጅ ናት፣ 23 ዓመቷ ነው። ቀን አንድ ልብስ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፣ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ትገባለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልናደድባት ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ግን ወደድኳት። የለበሰችውን ጃኬት አንገት ገልብጣ አሳየችኝ፤ የዋጋው ወረቀት አልተቆረጠም። «ማታ ይመለሳል» አለች እየሳቀች። «የወር ደሞዜ አይገዛውም። ባለቤቷ ታውቃለች፤ ማስታወቂያ ነው።» አንድ ልብስ ሁለት ቀን ከለበሰች ኮሜንቱ «ደገመችው!» በሚል ይሞላል። ስልኳን በዕቁብ ነው የገዛችው፤ ዕቁቡ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል።

የእማማን ነገር ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። «እማማ ልክ ናቸው። ግን እኔም እኮ መዋጮ ነው የምሰበስበው» አለችኝ። አምና እዚያው ብሎክ ኩላሊቱ የታመመ ጎረቤት ነበር። እሷ ሦስት ምሽት ላይቭ ገብታ፣ ከማታውቃት ልጅ ጋር «ባትል» ገጥማ፣ በሮዙም በአንበሳውም የመጣውን ለእጥበት ሰጠች። «ሮዝ የላከው ሰው ጎረቤቴ አይደለም፣ ስሙንም አላውቅም። ግን ሰውዬው ታጥቦበታል።»

«ሄደሽ ጠይቀሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስልኬን ቤት ትቼ» አለችኝ።

እንግዲህ ምን ትላላችሁ? እኔ ይህቺን ልጅ ጥልቀት የሌላት፣ ጊዜ ያበላሻት ምናምን ብዬ ልጽፍባት እጄ አልታዘዘኝም። ስልኩን ቤት ትታ መሄድ እንዳለባት ማንም አልነገራትም። ታውቀዋለች። የከበዳት ሌላው ሰዓት ነው፤ የተቀጠረችበት፣ ዕቁቡ የሚጠብቃት፣ «ደገመችው» የሚሏት ሰዓት።

ለኮሚቴው ልጆች ግን አንድ ነገር ብያለሁ፤ የእናንተም ብሎክ ስፖንሰር ካገኘ ያው ነው ምክሬ። ስፖንሰሩ ይምጣ፣ በጉም ይታረድ። ግን 10 ብርም ትሁን መዋጮዋ አትቅር። ብር የሌለው ሽንኩርት ይላጥ። ደብተሩም ይያዝ፣ ስም ይጻፍ። ሽማግሌውም የሚመርቁት ሰው አያጡም። ልጆቹ «እሺ» ብለዋል፤ እስከ ከርሞ እናያለን።

ደግሞ ልደታን ማየት የምትፈልጉ፣ በዘወትር ቀን ከሄዳችሁ የምታገኙት የፍርድ ቤት ባለጉዳይና ግርግር ነው። ግንቦት 1 ሂዱ። በባቡር ሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ሕንጻውን እዩ፣ ከዚያ የምታውቁት ሰው ያለበት ብሎክ ፈልጉ። የምታውቁት ከሌለ ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ አመሻሹ ላይ ሰዉ መበተን ጀመረ። የሱቁ ሠራተኛ መሰላል ይዞ መጥቶ ባነሩን ያወርድ ጀመር። ከሃያ ዓመት ብዙም የማያልፍ ልጅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ነው የዋለው። እማማ ከመቀመጫቸው ሆነው ጠሩት።

«ና አንተ ልጅ፣ በልተሃል?»

«አይ እማማ፣ በፌስታል አድርጋችሁ ስጡኝ፣ ቤት እበላዋለሁ።»

«የዛሬው ንፍሮ ቤት አይገባም። ቁጭ በል!»

ልጁ ባነሩን ጠቅልሎ እላዩ ላይ ተቀመጠ። እማማ ለራሳቸውም ጭልፋ አስጨመሩና አብረውት መብላት ጀመሩ። ያን ቀን ሲበሉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ፣ እናቱ በሕይወት መኖሯን፣ የት እንደሚያድር አንድ በአንድ ጠየቁት። ስሙን ነገራቸው። በስሙ መረቁት። ከዚያ ከጉያቸው አንዲት ያረጀች የደረጃ ተማሪ ደብተር አወጡ። ለኔ ሰጡኝና «ጻፊ» አሉኝ። ልጁ ግራ እየተጋባ ኪሱን ዳበሰ፤ 10 ብር አወጣ።

«የከርሞ ነው» አሉት እማማ፣ ብሯን እያጣጠፉ።